ከቅቤው ጋር የተመዘነች

አምሳለች የነጠረ ቅቤ በትንሿ ድስት ይዛ ወደ ሳሎን ልትገባ ስትል ነው የወንድሟን ጨዋታ የሰማችው። የጥር ወር ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት። ቢቸና ላይ ዘመነ አካለ ወልድን የማያውቅ የለም። የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፤ አሸዋና ጠጠር ያቀርባል፤ ከዞን ይሁን ከክልል ለሥራ የመጣ ባለሙያ ሆቴል ያድር እንደሆን እንጂ ቁርሱን ዘመነ ቤት ሳይበላ መስክ አይወጣም። የዚያን ዕለት እንግዳ አምባቸው የሚባል ወጣት የመንገድ መሐንዲስ ነበር። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከባሕር ዳር ቢቸና በመኪና የመጣ ነው። ቅንጬው ቀርቦ ቅቤው እስኪግል ድረስ የመንገዱን ክፋት ሲያማርር ቆየና፣ “ሰማዩ ይሻላል” አለ። “በፎከር አውሮፕላን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የማስቲካዬ ጣዕም ሳይጠፋ ጣና ታየኝ። ከዚያ እዚህ ለመድረስ ግን ቀኑን ሙሉ ስንገጫገጭ ዋልን።”

“ኧረ ተወኝ ኢንጂነር!” አለ ዘመነ። “አንተ ሳትወለድ ነው እኔ አውሮፕላን የተሳፈርኩት። በስልሳ ሁለት፣ በዳኮታ፣ እዚሁ ከሞጣ።”

“ሞጣ አውሮፕላን ያርፍ ነበር?”

“ያርፍ ነበር እንጂ! በሳምንት ሁለቴ፣ ልክ እንደ አውቶቡስ።” ዘመነ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተመቻቸ፤ ወግ ሲጀምር እንዲህ ነው። “ነሐሴ ላይ ዝናቡ የቤታችንን ግድግዳ አራሰውና በላያችን ናደው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ይኸውልህ ጭንቅላቴ እዚህ ጋ ተፈነከተ። እህቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የጭን አጥንቷ ተሰበረ። መንገዱ በጭቃ ተዘግቷል። አባቴ ሁለታችንንም ይዞ ወደ አውሮፕላኑ። ካፒቴኑ ሜዳውን ዞር ዞር ብሎ ረገጠና፣ ‘መሬቱ ረጥቧል፣ አርባ ኪሎ ካልቀነሳችሁ አልነሣም’ አለ። አባቴ ደግሞ ሁለት ቆርቆሮ ቅቤ ጭኗል፤ የአዲስ ዓመት ገበያ ደርሷላ። እህቴ ከነታሰረችበት ሳንቃ አርባ ኪሎ፣ ቅቤው አርባ ኪሎ። ሰውየው ነጋዴ አይደል? ቅቤው በረረ፣ እህቴ ቀረች!”

መሐንዲሱ ሳቀ። የዘመነ ሚስት ሉሊትም ሳቀች፤ ወጉን ቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው ዘመነ ከመጨረሱ በፊት ነው ሳቅ የጀመረችው። “አንተስ ምን አልክ?” አለ መሐንዲሱ።

“እኔማ ምን እላለሁ? ራሴን ስቼ ነበር። የነቃሁት በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ነው።”

አምሳለች ገባች። ከመቆም መግባት ይቀላል ብላ ሳይሆን እግሯ አስቀድሞ ተራምዶ ስለነበር ነው። የቀኝ እግሯ ከግራው አራት ጣት ያህል ያጥራል፤ ስትሄድ ትከሻዋ እንደ ሚዛን ክንድ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። መሐንዲሱ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ወደ እግሯ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ሳህኑ ተመልሶ እዚያው ቀረ። ሳቁ ከፊቱ ላይ እስኪጠፋ ድረስ የት እንደሚያደርገው የጨነቀው ይመስል ነበር። ቅንጬው መሐል ጎድጎድ አድርጋ ቅቤውን አፈሰሰችለት። “እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ” አለ ቀስ ብሎ። ዘመነ ግን ምንም አላስተዋለም። “ጨምሪለት እታለም፣ ምነው ቅቤ ሰሰትሽ!” አላት። ጨመረችለት።

ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አምሳለች የምታውቀው ሌላ ነበር። የምታውቀው አውሮፕላኑ ሞልቶ አንድ መቀመጫ ብቻ እንደ ቀረው፣ ዘመነም ደሙ ፊቱን አልብሶት ተኝቶ ሳለ “እኔ ልቅር፣ እህቴ ትሂድ” ብሎ እንዳለቀሰ፣ አባቷ ግን የሞት አፋፍ ላይ ያለው እሱ ነውና እሱን እንዳሳፈረ ነው። ይህን እናቷ ነበረች የነገረቻት፤ ወጌሻው እግሯን ሲያሽ፣ እሷ በሕመሙ ስትጮህ፣ እንባዋን እየጠረገች። “ወንድምሽ ላንቺ ሲል ሊሞት ነበር” ትላታለች። ያ ቃል ነው ያሳደጋት። ሁለቴ ሽማግሌ ተልኮባት ሁለቴም እግሯን አይተው ሲመለሱ ያጽናናት ያ ቃል ነው። አባቷ ሞቶ ዘመነ ቢቸና ሱቅ ሲከፍት፣ “ነይ ከኔ ጋር ኑሪ” ሲላት ጓዟን ጠቅልላ የመጣችው፣ የሱን ልጆች አዝላ ያሳደገችው፣ የሱን እንግዶች ሃያ ሁለት ዓመት ያስተናገደችው ስለዚያ ቃል ነው። ደመወዝ ይኑርሽ ያላት የለም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም። ከወንድም ደመወዝ ይጠየቃል እንዴ? ክፍሏ በወጥ ቤቱና በእቃ ቤቱ መካከል ናት። ሲሚንቶ ሲበዛ ከአልጋዋ ራስጌ ስምንትና አሥር ከረጢት ይደረደራል፤ ያን ጊዜ ጸጉሯን ስታበጥር ማበጠሪያው ላይ ግራጫ ዱቄት ይቀራል።

ድስቱን አስቀመጠች። ሽርጧን ፈታች። ከክፍሏ ጥቁሩን ቦርሳና ነጠላዋን ይዛ ስትወጣ ሉሊት ሳህን ይዛ በሩ ላይ አገኘቻት። “ሞጣ መሄዴ ነው፣ እናቴ ጋ” አለች አምሳለች። ሉሊት ደነገጠች። “ምነው፣ እማሆይ ታመሙ እንዴ? ማን ነገረሽ?” አለች። አልታመሙም አለቻት። “ታዲያ ዛሬ? ማታ እኮ ኢንጂነሩ ከነጓደኞቹ ራት እዚህ ነው።” አምሳለች ሽንኩርቱ ተልጦ ማድጋው አጠገብ እንዳለ፣ የእቃ ቤቱ ቁልፍ ምስማሩ ላይ እንደ ተሰቀለ ነገረቻትና ወጣች። በግቢው በር ላይ የወንድሟ ልጅ ትህትና የደንብ ልብሷን ለብሳ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ አገኘቻት። ልጅቱ የአክስቷን ፊት አይታ፣ “ማን ሞተ?” አለቻት። አምሳለች “ማንም” ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣ። ለሞጣ ሃያ ሁለት ብር ከፍላ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ እግሯን መዘርጋት ስላለባት ሁልጊዜ የምትመርጠው መተላለፊያውን ነበር፣ ዛሬ ግን ሰው እንዲያናግራት አልፈለገችም። ጠጠሩ ከጎማው ስር እየተፈናጠረ የመኪናውን ሆድ ይደበድባል። ከፊቷ የተቀመጡ ሁለት የግብርና ሠራተኞች መንገዱ ሊሠራ ነው፣ አይሠራም ይከራከራሉ፤ አንደኛው መንገዱ ከተሠራ ሞጣ ባሕር ዳር ሁለት ሰዓት እንደማይሞላ በጣቱ ጉልበቱ ላይ እያሰመረ ያስረዳል። ደብረ ወርቅ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሰው ሁሉ ወርዶ ሻይ ጠጣ። እሷ አልወረደችም። ያን ቀን ለማስታወስ ስትሞክር ነበር። ሰው ስለዚያ ቀን ብዙ ነግሯት ስለነበር የራሷ ትዝታና የተነገራት ተቀላቅለው አንዱን ካንዱ መለየት አቅቷት ኖራለች። አሁን አንድ በአንድ ስታነሣው የራሷ የሆነው ጥቂት ነበር፦ እርጥብ ሣር፤ ከጀርባዋ የሚቆረቁራት ሳንቃ፤ ከላይዋ የተዘረጋ ጥቁር ጃንጥላ፤ የብረት ሽታ። ከዚያ ከጃንጥላው ጋር የተጣላ ኃይለኛ ነፋስ። ጃንጥላው ተገልብጦ ሄደና ሰማዩ ታያት። እንደ ብር የሚያብለጨልጨው አውሮፕላን በሣሩ ላይ እየተንደረደረ፣ ውኃ እየረጨ፣ ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ከመሬት ተላቆ ሲነሣ ታያት። በሕይወቷ እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየችም ነበር። እግሯ ተሰብሮ ወደ ሰማይ እያየች መሳቋን ታስታውሳለች።

ሞጣ የደረሱት ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። የእናቷ ቤት ከጊዮርጊስ ጀርባ ነው፤ እሷ ግን በተቃራኒው፣ ወደ ድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሄደችው። ሜዳው አሁን ግጦሽ ነው። በአንድ ወገኑ የቤት ቦታ ሊታደል ነው ተብሎ ችካል ተቸክሎበታል፤ በሌላው ወገን ሁለት ላሞች አንገታቸውን ደፍተዋል። መንገደኛ ይጠብቅባት የነበረችው የድንጋይ ክፍል ጣራዋ ተነሥቷል። ከክፍሏ ማዶ፣ በባሕር ዛፍ አጥር ውስጥ፣ የበረራ ወኪል የነበሩት አቶ ይስማው ይኖራሉ። ትኬት የሚቆርጡ፣ ሰውና ዕቃ የሚመዝኑ፣ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል በደወል ከብት የሚያስለቅቁ እሳቸው ነበሩ። አሁን ሰማንያ ሊደፍኑ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ የመሰለ ነገር በአጉሊ መነጽር ሲያነቡ አገኘቻቸው።

“ጋሼ ይስማው፣ እንደምን ዋሉ? አምሳለች ነኝ፣ የአካለ ወልድ ልጅ።”

ሽማግሌው ከመልኳ በፊት አካሄዷን አይተው ነበርና “አውቄሻለሁ” አሉ። በርጩማ ሳቡላት። ስለ ቢቸና፣ ስለ እናቷ ጤና፣ ስለ እህል ዋጋ ጠየቋት፤ ጤፍ ኩንታሉ ስንት እንደ ገባ ስትነግራቸው አማተቡ። ከዚያ የሚጠየቅ ነገር አለቀ። አጥሩ ላይ የተሰጣ ሸማ በነፋስ ይንቀሳቀስ ነበር።

“ዘመነ በአውሮፕላን የሄደ ዕለት መቀመጫ አልነበረም ወይስ ነበረ?” አለች።

አቶ ይስማው መነጽሩን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። “ወንበርማ ትርፍ ነበረ” አሉ በመጨረሻ። “ዳኮታ ያኔ ወንበሯ ግራና ቀኝ እንደ መደብ የተዘረጋ ነው። ከሞጣ የተሳፈሩት ከናንተ ሌላ አንድ አስተማሪና አንድ ፖሊስ ናቸው። የጎደለው ቦታ አይደለም፤ ክብደት ነው። መሬቱ ጭቃ ሲሆን ጎማው ይያዛል፤ ሳትከንፍ ሜዳው ያልቃል። ያቺ ወፍ ለኛ መኪናችን ነበረች፣ ልጄ። ክረምት ሲገባ መምህሩም፣ መድኃኒቱም፣ ፖስታውም በሷ ነው። ውልብልቢቷ ሲጀምር የጊዮርጊስ ቀሳውስት ሳይቀሩ አጥር ላይ ወጥተው ያዩ ነበር። እኔም ኩራቴ ነበረች። ካፒቴኑ የኛው አገር ሰው ነው፤ ጨዋ ልጅ። ሁለት የተጎዱ ልጆች እንዳሉ ሲያይ፣ ‘በሽተኛ አላወርድም፤ ዕቃ አውርዱ’ ነው ያለኝ።”

“እንዲህ አለ?”

“እንዲህ አለ። ዕቃ ማለት የአባትሽ ቅቤ ነው፤ ሌላ ዕቃ አልነበረም። ለአባትሽ ነገርኩት። ‘ቅቤውን ካወረድኩ በምን አሳክመዋለሁ? አዲስ አበባ ማን አለኝ?’ አለኝ። ‘እሷ እግሯ ነው፣ ወጌሻ አላት’ አለ። አንቺ ሚዛኑ ላይ ነበርሽ፣ ከነሳንቃው። ሠላሳ ሰባት ኪሎ። ቁጥሩ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። አባትሽ ወደ እናትሽ ዞረና፣ ‘አንቺስ ምን ትያለሽ?’ አለ። እናትሽ መልስ አልሰጡም። መጥተው ሳንቃውን በራስጌ በኩል ያዙ። እኔ በግርጌ በኩል ያዝኩ። አወረድንሽ።”

አምሳለች እጆቿን ጭኖቿ ላይ እንዳደረገች ተቀምጣለች። ይህኛው አዲስ ነበር፤ ይህን ዘመነም አልተናገረም። “ካፒቴኑስ?” አለች።

“ካፒቴኑ መስኮቱን ከፍቶ፣ ‘ልጅቷስ?’ አለኝ። ደመና ከጮቄ ተራራ በኩል እየወረደ ነው፤ ሩብ ሰዓት ብንቆይ መነሣት አይቻልም፣ ወንድምሽ ይሞታል። ‘ጉዳቷ ቀላል ነው፤ ቤተ ሰቡ ወስኗል’ አልኩት። ቀላል አልነበረም። አጥንቱ ቆዳውን ገፍቶ አይቼዋለሁ። ዋሸሁ።” ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአት። “ይቅር በይኝ ልልሽ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። ስትመጪ በሩቁ አይሽና፣ ታውቅ ይሆናል፣ ችላው ይሆናል፣ ምን ብዬ ልቀስቅሰው እላለሁ።”

“ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው።”

“ሜዳው ላይ የነበረ ሁሉ አይቷል። ያኔ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ከተማው ግማሹ እዚያ ነበር” አሉ።

አምሳለች ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። እሳቸውም ተነሥተው፣ በዱላቸው ተደግፈው እስከ አጥራቸው ሸኟት። መንገዱ በሜዳው መሐል ያልፋል። በችካሎቹ መካከል ስትሄድ፣ ይህን መሬት ሁሉ በአንካሳ እግሯ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰችበት፣ ገበያ ስትሄድ፣ ወፍጮ ስትሄድ፣ በግራም በቀኝም ሰላም የሚሏት ሴቶች ሁሉ ያዩትን አይተው፣ አፋቸውን ይዘው፣ “እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነሽ?” ሲሏት እንደ ኖሩ አሰበች። ከሐዘኑ ይልቅ እፍረቱ ነው ያቃጠላት። የተበደለችው እሷ ሆና ሳለ ያፈረችው እሷ ነበረች።

እናቷን እማሆይ ይርጋነሽን መደብ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ አገኘቻቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ ጭነዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ውበቴ የምትባል ጎረቤት ጠዋትና ማታ ብቅ እያለች ምግባቸውን ታደርሳለች። ቤቱ ያው ነው። የዚያን ክረምት የወደቀው ግድግዳ በድንጋይ ተሠርቷል፤ ሌላው ጭቃ ነው። ግድግዳው ላይ ዘመነ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ፎቶ ቤት የተነሣው ምስል ተሰቅሏል፤ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አዲስ ኮት ለብሶ፣ እጁን ወንበር ላይ ጭኖ። አምሳለች እናቷን ጉልበት ስማ፣ የመጣችበትን ሰዓትና መኪና ተናግራ፣ ውኃ ጠጥታ ተቀመጠች። እናቷ ስለ ዘመነ ጠየቁ። ስለ ዘመነ ልጆች ጠየቁ። የመጨረሻዋ ልጅ ጉንፋን ለቀቃት ወይ አሉ። ለቋታል አለች። የመቁጠሪያው እንጨት ቀጭ ቀጭ ይላል።

“እማዬ፣ ከሚዛኑ ያወረድሽኝ አንቺ ነሽ?”

መቁጠሪያው ቆመ። እማሆይ ይርጋነሽ ፊታቸውን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩ። “ማን ነገረሽ?”

“ቅቤውን ዘመነ። ለእንግዳ ሲያስቅበት ሰምቼ ነው። ሳንቃውን ደግሞ ጋሼ ይስማው።”

“ዘመነን አባትሽ ይሆናል የነገረው፣ ሊሞት ሲል።” መቁጠሪያቸውን አጠገባቸው አኖሩ። “አዎ። እኔ ነኝ” አሉ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም፤ ለንስሐ አባታቸው ደጋግመው እንደ ተናገሩት ነገር በለመደ ድምፅ ነው የተናገሩት። “ወንድምሽ ሊሞትብኝ ነው። ሆስፒታሉ ባዶ እጅ አይቀበልም ይላሉ። ቅቤው ነው ገንዘባችን፣ ሌላ አልነበረንም። ቅቤው ቀርቶ ሁለታችሁም ብትሄዱ ሁለታችሁም በር ላይ ትቀሩብኛላችሁ አልኩ። አንቺን የነካሽ እግርሽን ነው እንጂ ነፍስሽን አይደለም። ደግሞም…”

“ደግሞም ምን?”

“የሴት ልጅ እግር ቀሚስ ይሸፍነዋል አልኩ።”

ውጭ ውበቴ ዶሮ ስታባርር ይሰማል። አምሳለች ቀሚሷን አየች። ከጉልበቷ በታች ወርዶ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ በገዛ እጇ የሰፋችው፣ በቀኝ በኩል አራት ጣት አሳጥራ የሰፋችው ቀሚስ ነው። “‘እህቴ ትሂድ’ ብሎ ያለቀሰውስ?” አለች።

“እሱማ መቼ አንደበት ነበረው? እኔ ነኝ ፈጥሬ የነገርኩሽ።”

“ለምን?”

“ለምን ትይኛለሽ? እኔና አባትሽ ዘላለም አንኖር። ባል እንደማይመጣልሽ ወጌሻው እግርሽን የፈታ ዕለት አውቄዋለሁ። ወንድምሽን ብትጠይው ማን ያስጠጋሻል? የት ትገቢ ነበር?” ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። “ውደጂው ብዬ ነው። ወደድሽው። አስጠጋሽ። ምን አጠፋሁ?”

“አስጠጋኝ” አለች አምሳለች። “ሃያ ሁለት ዓመት አስጠጋኝ።”

የእናቷን ሒሳብ በየት በኩል ብትገፋው ይቆማል፤ ዘመነ ድኗል፣ እሷም የምትገባበት ቤት አግኝታለች። የጎደለው እሷ ብቻ ናት። ተነሥታ ወጣችና ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ስልክ አስደወለች። ባለሱቁ መስመሩ ሲገኝለት እጀታውን አቀበላትና ስኳር መመዘኑን ቀጠለ። ሉሊት አንሥታ ወዲያው ለዘመነ ሰጠችው።

“እታለም! ምን ሆነሽ ነው ሳትነግሪኝ የምትሄጂው? እማዬ ደህና ናት?”

“ደህና ናት። ዘመነ፣ የቅቤውን ነገር ለምን አልነገርከኝም?”

“የምን ቅቤ?”

“የአውሮፕላኑን።”

ከወዲያ ማዶ ሳህን ሲጋጭ፣ የእንግዳ ድምፅ ሲስቅ ይሰማል። “እንዴ” አለ ዘመነ፣ ከልቡ ተገርሞ። “አታውቂም ነበር እንዴ? እኔ እኮ የምታውቂ መስሎኝ ነው። ወይኔ… የቆየ ነገር ነው እኮ እታለም። አባባም ተጸጽቶበት ነው የሞተው። እኔ ምን ላድርግ፣ ልጅ ነበርኩ።” ጥፋት የለበትም ነበር፤ ይህን እሷም ታውቀዋለች። እሱ ደም እየፈሰሰው ተሸክመው ያሳፈሩት ልጅ ነው። ጥፋቱ ሌላ ነበር፣ ለዚያኛው ግን ስም አጣችለት፤ የጠዋቱን ሳቅ በስልክ እንዴት ብላ ታስረዳዋለች?

“አልመለስም፣ ዘመነ” አለች።

“ግድ የለም፣ ረፍት ያስፈልግሻል። ሰንብቺ። ቅዳሜ ብቻ ድረሽልኝ፤ ኢንጂነሩ የሚሄደው ቅዳሜ ነው፣ ዶሮውን ካንቺ ሌላ የሚያውቅበት የለም። ሉሊትን ታውቂያታለሽ።”

“አልመለስም ነው ያልኩህ።”

“እሺ፣ እሺ። ከተቆጣሽ እሑድ ይሁን” አለና ሳቅ ብሎ፣ እንግዳ እየጠበቀው መሆኑን ነግሯት ዘጋ። አምሳለች እጀታውን መለሰች። ባለሱቁ ስኳሩን ቋጥሮ፣ “ደህና ናቸው ጋሽ ዘመነ?” አላት። ደህና ነው አለችው። በእሱ ፊት ላይም አንድ ነገር ፈለገች፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነበር፣ አባቱ ግን ሜዳው ላይ ሳይቆም አልቀረም።

ወደ ቤት ስትመለስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ውበቴ ምስር ወጥ አድርሳ ሄዳለች። እናትና ልጅ ከአንድ ትሪ በሉ፤ እናቷ ከምስሩ በጣታቸው እየዳበሱ ወደ እሷ በኩል ይገፉላታል፣ ልጅ ሳለች እንደሚያደርጉት። የት እንደምትተኛ፣ ነገ ምን እንደምታደርግ፣ ስንት ቀን እንደምትቆይ አልጠየቋትም። እሷም አልተናገረችም። ከቢቸና የወጣችው ከማን እንደምትሸሽ አውቃ ነበር፤ ያረፈችው ግን ሳንቃውን በራስጌ በኩል የያዙት እጆች ያሉበት ቤት ነው። ከዚህ ውጭ ደግሞ ሌላ ቤት በዓለም ላይ አልነበራትም። ውኃ ለብ አድርጋ በሳፋ አቀረበች። በጉልበቷ መንበርከክ ስለማትችል በርጩማው ላይ ተቀምጣ ቀኝ እግሯን ወደ ጎን ዘረጋችና የእናቷን እግር አንሥታ ማጠብ ጀመረች። የሰማንያ ዓመት እግር ነው፤ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፣ ግን ቀጥ ያለ፣ ደርዝ ያለው እግር ነው። በጣቶቹ መካከል በቀስታ አሸችላቸው። እማሆይ ይርጋነሽ ለብታው ተስማምቷቸው ዓይናቸውን ከደኑ። ከዚያ፣ በሕይወት ዘመናቸው እግራቸውን ላጠበ ሁሉ እንደሚሉት፣ ሳያስቡት፣

“ተባረኪ ልጄ” አሉ። “እግርሽን እንቅፋት አይምታው።”

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። ዓይናቸው ተገለጠ። እጃቸው ወደ መቁጠሪያቸው ሄዶ መሐል መንገድ ላይ ቀረ። አምሳለች የእናቷን እግር በሁለት እጇ እንደ ያዘች ቆየች። ውኃው ከጣቶቿ መካከል ወደ ሳፋው ይንጠባጠባል። የእናት ምርቃት ሜዳ ላይ ተጥሎ አይታለፍም፤ እንዲህ ነው ያሳደጓት።

“አሜን” አለች። “ሌላውን እግርሽን አምጪ።”